የጎርፍ ልምምዱና የእኔ ለቅሶ

ከጎርፍ፣ ከመብረቅና ከመሬት መንሸራተት ቀጥሎ በዚህች አገር የሚያሰጋው ነገር ጥንቁቅ ሰው ነው። ግድየለሽ ሰው ቢያጠፋ ራሱን ነው የሚያጠፋው። ጥንቁቅ ሰው ግን ሲያጠፋ አስቦበት፣ ተዘጋጅቶ፣ ሰፈር ሙሉ አስከትሎ ነው። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም… እኔው ራሴ ጥንቁቅ ስለሆንኩ ነው።

ጥንቃቄዬን ልንገራችሁ። ቤቴን የምዘጋው በሁለት ቁልፍ ነው። ዘግቼ አሥር እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እነቀንቀዋለሁ። ከዚያ ደግሞ "ስነቀንቀው ላልቶ ቢሆንስ?" ብዬ እንደገና እመለሳለሁ። ባጃጅ ስሳፈር አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለሹፌሩ አማትባለሁ። ሹፌሩ ሙስሊም ከሆነ "ቢስሚላህ ብለሃል?" ብዬ አረጋግጣለሁ። አንዱ ታዲያ "እኔስ ብያለሁ እቴ፣ ፍሬኑ ነው ያላለው" ቢለኝ ወርጄ በእግሬ ሄጃለሁ። "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር" ያለው ሰው በአባቴ በኩል ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም።

አገሬ ቢቸና ነው። ዓባይን ተሻግሬ፣ ደሴን አልፌ፣ ሐይቅ ከተማ ጂኦግራፊ ላስተምር ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። እናቴ ስትሸኘኝ "ልጄ፣ ውሃ ዳር እንዳትቀመጪ" ብላ ቃል አስገብታኛለች። እኔም ቃሌን ጠብቄ ቤት የተከራየሁት ከሐይቁ ርቄ፣ ከከተማው ላይኛው ጫፍ፣ በተራራው ግርጌ ነው። ለካ ውሃው ካለበት ስሸሽ ውሃው የሚመጣበት በር ላይ ነው የተቀመጥኩት። በቤቴ ጓሮ አንድ ፈፋ ያልፋል። በበጋ ፍየል የሚተኛበት ደረቅ ቦይ ነው። በክረምት ግን ተራራው ላይ የዘነበውን ሁሉ ጠቅልሎ፣ ድንጋዩን እያንከባለለ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በየዓመቱም ይሰፋል። እኔ ስመጣ በአንድ ዝላይ የሚሻገሩት ነበር፤ አሁን መሻገሩን ሳስበው ራሱ ይደክመኛል።

"ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነሽ እንዴት ጎርፍ መውረጃ ላይ ቤት ትከራያለሽ?" ትሉኝ ይሆናል። ሐኪምስ አይታመምም?

አንድ ቀን አንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፕላን አየሁና ሰፈራችንን ፈለግኩት። የለም። በቦታው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። "ይሄ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። "ቤት የማይሠራበት፣ ለጎርፍ መከላከያ የተተወ ደን" አሉኝ። ፕላኑ ልክ ነው፤ ልክ ያልሆንነው እኛ ነን፣ ከወረቀቱ ቀድመን የሰፈርነው። ብቻ በወረቀት ደረጃ እኔ የምኖረው ጫካ ውስጥ ነው። እንዲያውም እኔ ራሴ ባሕር ዛፍ ነኝ።

ከእኔ የባሱ ደግሞ አሉ። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ቤታቸው የፈፋው ከንፈር ላይ ነው። ማድቤታቸውማ የኋላ ግድግዳው አየር ላይ ነው የቆመው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ብቸኛ ሴት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ጦይባ ጂዳ ነው የምትሠራው። ክረምት በመጣ ቁጥር እኔ እንቅልፍ የማጣው ለራሴ ሳይሆን ለእሳቸው ነው። ሰኔ ሲገባ ጀምሮ እለምናቸዋለሁ።

"እትዬ፣ ውሃው ሲመጣ ወደ ላይ ይውጡ እንጂ።"

"የት ልሂድ ነው የምትይኝ?"

"ኮረብታው ላይ፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ጎርፍ ሲመጣ ብቻ።"

"ይሄ ፈፋ እኔን ያውቀኛል፣ ልጄ። ሙሽራ ሆኜ ስመጣ እሱም እንደ ክር ቀጭን ነበር። አብረን ነው የወፈርነው።"

"እሱ እኮ የወፈረው ግቢዎን እየበላ ነው።"

"አላህ ያለው አይቀርም። አብሽሪ።"

"እግዚአብሔርም እግር የሰጠን እንድንሸሽበት ነው፣ እትዬ።"

"እግሬንማ ለለቅሶ ነው የማቆየው" አሉ። "በዕድሜዬ አንድ ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም። ለጎርፍ ብዬ ግን ከቤቴ አልወጣም። ጎርፍ ማን ስለሆነ ነው?"

ይህን ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

በዚህ መሀል የሰፈሩ የአደጋ ስጋት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አባ ይማም ሆኑ፤ የቅሬያችንም ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን የሚለቀስበት፣ በአንድ ድስት ንፍሮ የሚቀቀልበት ነው። ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ። የተመረጥኩበት ምክንያት "ጽሕፈቷ ስለሚያምርና ስለምትፈራ" ተብሎ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ከደሴ አንድ ወጣት ባለሙያ ወፍራም መመሪያ ይዞ መጣልን። የምሥራቹን ቀድሞ ነገረን። ፈፋው ዳር ዳሩን በሽቦ በታሰረ ድንጋይ ይገነባል፣ ግን ለመጪው ዓመት ነው። "የዘንድሮውን ክረምት በልምምድ ትወጡታላችሁ" አለን። ግንብ ባይኖረን ልምምድ አለን ማለት ነው።

"መጀመሪያ የመሰብሰቢያ ቦታ እንምረጥ" አለና መመሪያውን ገለጠ። "ጽኑ ሕንጻ ያለበት፣ ነዋሪው የሚያከብረው ቦታ ይሁን ይላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንዴት ነው?"

አባ ይማም ጢማቸውን ዳሰሱ። "ልጄ፣ ጎርፉ ራሱ ወደ ሐይቁ አይደል የሚወርደው? አንተ ከጎርፉ ጋር እሽቅድድም ልታስገባን ነው? ደግሞም እዚያ ሴት አትገባም።"

"በአደጋ ጊዜም?"

"ከቅድመ አያት ጀምሮ ያልገባች ላንተ ጎርፍ ትገባለች?"

ባለሙያው አንድ ገጽ ገለበጠ። "እንግዲያው ሴቶች በሁለተኛው ዙር ይታያሉ ብለን እንለፈው።"

እኔም አንገቴን ደፍቼ "ሴቶች በሁለተኛው ዙር ይታያሉ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት መስመር ከሄድኩ በኋላ ሴት መሆኔ ትዝ አለኝና ተመልሼ ሰረዝኩት። ቦታው የትምህርት ቤቱ ኮረብታ እንዲሆን ተስማማን።

ቀጥሎ የማስጠንቀቂያ ድምፅ መጣ። መመሪያው ሳይረን ይላል። እኛ ሳይረን የለንም። ያለን የቅሬው ጡሩምባና አርባ ዓመት ሙሉ የነፉት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። እዚህ ላይ እኔ እጄን አወጣሁ። ጥንቁቅ ነኝ አላልኳችሁም?

"ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ለቅሶ መስሎት ቢወጣስ?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ ባለሙያው። "መልሱን አንቺው አምጪ።"

አመጣሁ። ሦስት ረጃጅም ለለቅሶ፣ አምስት አጫጭር ለጎርፍ። ከአምስቱ በኋላ ጋሽ እንድሪስ "ጎርፍ ነው፣ ወደ ኮረብታው ውጡ" ይሉና ለፈፋው ቅርብ የሆኑትን ቤቶች በየስማቸው ይጠራሉ። ስሞቹን በማስመሪያ አስምሬ በወረቀት ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። ጥንቁቅ ሰው ራሱን ያስቀድማል።

ማስታወቂያም ለጥፌያለሁ። በመስጊዱ በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በወፍጮ ቤቱ በር… ዝናብ እንዳያበላሸው እያንዳንዱን ወረቀት በፌስታል ጠቀለልኩት። ፌስታሉ ጥቁር ነበር። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

የልምምዱ ቀን ደረሰ። ባለሙያው "እኔ ከታች ሆኜ አነሳሱን አያለሁ" ብሎ ሰፈር ቀረ። እኔ ጃንጥላ፣ ፊሽካ፣ ፋሻና መዝገብ ይዤ ብቻዬን ኮረብታው ላይ ቆምኩ። ሰፈሩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እኔ ዘንድ መድረስ አለበት። የሁሉም ሰው ስም ተጽፏል፣ ከፊት ለፊቱም ትንሽ ሳጥን ተሥሏል። የእትዬ ዘይነባን ሳጥን ለብቻው በቀይ ነው የሣልኩት።

ጡሩምባው ተነፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አራት… አምስት። አምስቱንም ቆጠርኩ። በሮች ተከፈቱ፣ ሰው ግር ብሎ ወጣ። "ተመስገን" አልኩ። ከሰዉ መሀል እትዬ ዘይነባ ጭምር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲወጡ ሳይ ዕንባዬ መጣ። ይኸው፣ ሲያስረዱት የማይገባው ሰው የለም።

ከዚያ ግን ሰዉ ሁሉ ወደ ኮረብታው በሚያወጣው መንገድ ፈንታ ወደ ታች፣ ወደ ፈፋው ታጠፈ። ወንዶቹ አግዳሚ ተሸክመዋል። በጋሪ ድንኳን ይመጣል። "መጠለያ ይዘዋል፣ ጥሩ ነው፤ አቅጣጫ ግን ይታረም" ብዬ መዝገቤ ላይ ጻፍኩ። ፊሽካዬን ነፋሁ። የሰማኝ አንድ አህያ ነው።

አንድ ሰውዬ አግዳሚ ራሱ ላይ አድርጎ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲያልፍ አየሁና ጠራሁት። ከወዲያኛው ሰፈር ስለሆነ አንተዋወቅም።

"ወንድሜ፣ ወዴት ነው?"

"ለቅሶ ነው እቴ።"

"ልምምድ እያለ? ማን ሞተ?"

"አንዲት መምህርት ናት አሉ። የሩቅ አገር ሰው፣ እዚህ ዘመድ የላትም።"

ደረቴን ያዝኩ። "ምን አግኝቷት?"

"እንጃ። ሲበዛ ጠንቃቃ ነበረች ይላሉ። ጠንቃቃ ሰው ሲሞት እንዲህ ድንገት ነው።"

"ነፍስ ይማር። ልጅ ነበራት?"

"ምንም የላት። ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው አሉ የተረፋት።"

አለቀስኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደኔው ከሰው አገር ገብታ፣ ወገን ሳይቀብራት… ሰውዬው አግዳሚውን አውርዶ አጽናናኝ። ሁለት ቁልፍ የሚለው ነገር ለምን እንዳላነቃኝ እስካሁን አልገባኝም። ብቻ በዚያን ቀን ለእኔ ካለቀሱት ሁሉ ከልቤ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ።

ሰውዬው ሲሄድ ስልኬ ጮኸ። ጂዳ ያለችው የእትዬ ዘይነባ ልጅ ጦይባ ናት። እያለቀሰች ነው።

"ሀሎ… የአስካለን ስልክ የያዘው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ፣ አስካለ።"

"አስካለማ ሞታለች።"

"ማን አለ?"

"እናቴ። አሁን ከድንኳኑ ደወለችልኝ።"

"አልሞትኩም፣ ጦይባ።"

"እስኪ ወላሂ በይ።"

"ክርስቲያን ነኝ። መማልም ኃጢአት ነው፤ ቃልሽ አዎን ወይም አይደለም ይሁን ተብሏል።"

"በቃ፣ አንቺው ነሽ" አለች።

መዝገቤን ገለጥኩ። መልእክቱ ከፈፋው ጂዳ ደርሷል፤ ኮረብታው ጋ ግን ገና ነው። ዘግቼው ቁልቁል ሮጥኩ።

ስደርስ ድንኳኑ በእኔ ግቢ ተተክሏል። አንደኛው ካስማ የተመታው ፈፋው ውስጥ ነው። ድስት ተጥዷል፣ ውሃ ተቀድቷል፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀምጠዋል። የደሴው ባለሙያ ከፊት ተቀምጦ፣ የንፍሮ ሳህን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል። እኔን የሚያውቀኝ ከሁለት ስብሰባ ነው። እትዬ ዘይነባ መሀል ቆመው ያወርዱታል፦

"ሁለት ቁልፍ ቆልፋ በሯን ስትጠብቅ፣
ሞት በየት ገባባት ቁልፉ ሳይላቀቅ።"

ሴቶቹ ተቀብለው ያለቅሳሉ። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብ አድርጌ ከኋላ ብቆም አንዲት ሴት ዞር ሳትል "ቁጭ በይ እቴ" ብላ ጠጋ አለችልኝ። ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ለቅሶ ላይ ቁጭ በይ የተባለ ሰው ይቀመጣል። ከፊቴ ሁለት ጎረቤቶቼ ይጨዋወታሉ።

"ደግ ነበረች እኮ።"

"ደግማ ነበረች። ጨው ልበደራት ሄጄ ጊዜው አልፎበት እንዳይሆን ፌስታሉን ሁለቴ አንብባ ነው የሰጠችኝ።"

"ፍርሃቷስ?"

"ኤዲያ። ፈሪ ለእናቱ ይባል ነበር። ይቺ ለእናቷም አልሆነች።"

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ቆምኩ። "ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኩ፤ "አልሞትኩም።"

"ዝም በይ ልጄ፣ ለቅሶ አትረብሺ" አሉኝ እትዬ ዘይነባ ዞር ሳይሉ። ከዚያ ዞር አሉ።

የባለሙያው ንፍሮ ተደፋ። ሦስት ሴቶች በአንዴ ከድንኳኑ ወጡ። እትዬ ዘይነባ ግን ቀስ ብለው መጡና፣ ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው ከትከሻዬ ጀምረው እስከ ጣቴ ዳበሱኝ። ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረው "ትሞቃለች" አሉ።

"ደህና ነኝ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ እንባ ለማን ነው ያፈሰስኩት?"

ጋሽ እንድሪስ ተጠሩ። ጡሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ።

"አምስት አላልኩም፣ ጋሽ እንድሪስ?"

"አምስት ነፋሁ እንጂ። ግን ሦስተኛው ላይ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሄደ። አራተኛውንና አምስተኛውን የሰሙት በጎች ናቸው። ጡሩምባ ማን ይቆጥራል?"

"ከዚያስ? ጎርፍ ነው አላሉም?"

"ልል ነበር፣ ወላሂ። ወረቀትሽን አወጣሁ። አናቱ ላይ 'የመምህርት አስካለ ቤት' ይላል። አርባ ዓመት ሙሉ ጡሩምባ ነፍቼ ስሙን የጠራሁት ሰው ሁሉ ሞቷል። አፌ በገዛ እጁ 'ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው' ብሎ ጨመረበት።"

ባለሙያው ሰዓቱን አየ። ልብሱ ላይ የተደፋውን ባቄላ አራገፈና መመሪያውን ከፈተ።

"በሃያ ደቂቃ ውስጥ ድንኳን ቆሟል" አለ። "ምግብ ተጥዷል፣ ውሃ መጥቷል። ሽማግሌዎች ተደግፈው ደርሰዋል። ያልመጣ ሰው ቤቱ ድረስ ሰው ተልኮበታል። እንዲህ ያለ ዝግጅት በወረቀት ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።"

"እና… አለፍን?" አልኩት።

"የለም፣ ወድቃችኋል። ሰፈሩን በሙሉ ሰብስባችሁ ያስቀመጣችሁት ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ነው። ጎርፉ ራሱ ቢለፋ ይሄን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አያገኝም።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እትዬ ዘይነባን አየኋቸው። ጀርባቸውን ለፈፋው ሰጥተው፣ ከተሰነጠቀው አፈር አንድ ክንድ ርቀው ተቀምጠዋል። ነሐሴ ደግሞ እየመጣ ነው። ለቅሶዬ ላይ የደረሱት እኒህ ሴት ለራሳቸው ለቅሶ ምክንያት ሊሆኑ ነው።

አባ ይማም ንፍሯቸውን አኝከው እስኪውጡ ጠብቀን አዳመጥናቸው።

"ይሄ ሕዝብ ጎርፍ አይፈራም" አሉ። "ለቅሶ መቅረትን ግን ይፈራል። ሰዉን ወደ ኮረብታው ማውጣት ካቃተን ለቅሶውን እናውጣው።"

"ለቅሶ እኮ ሟች ይፈልጋል፣ አባ ይማም" አለ አንዱ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ለእሷ አንዴ ተለቅሷል" አሉ ጋሽ እንድሪስ። "አፌም ለምዷታል። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ኮረብታው ላይ ትሙትልን።"

ለሰፈሩ ስል ሞቴን አልጠላሁም። ውሸቱ ነው የከበደኝ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው። ረጅም ጊዜ ሲያስሉ ቆዩ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁም።

"ሳይሞቱ ሞትኩ ማለት ነውር ነው" አሉኝ በመጨረሻ። "ዝም ማለት ግን የቅዱሳን ሥራ ነው።"

ይሄው አንድ ዓረፍተ ነገር የሰፈራችን የአደጋ ፖሊሲ ሆነ። የቅሬው ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወደ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ወጣ። ከሰኔ እስከ መስከረም እውነተኛ ለቅሶም ቢሆን ድንኳኑ የሚተከለው ኮረብታው ላይ ነው። ጡሩምባ ሲነፋ ጋሽ እንድሪስ የሰው ስም አይጠሩም፣ ጎርፍም አይሉም። "ኮረብታው" ብቻ ብለው ዝም ይላሉ።

"ማን ሞተ ብለው ቢጠይቁኝስ?" አሉ ጋሽ እንድሪስ ተጨንቀው።

"ውጡና እዩ በላቸው" አሉ አባ ይማም።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታ ነው፤ ጾሜን ይዤ፣ ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ከተማው ላይ ፀሐይ ነው። ቀና ብል ግን ተራራው የለም። ጥቁር ደመና ውጦታል። ነጎድጓዱ ከሩቅ ይንከባለላል። ጂኦግራፊ አስተማሪነቴ ያን ቀን ሠራ፤ እዚህ ጠብ ሳይል እዚያ የወረደው እኛው ዘንድ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለጋሽ እንድሪስ ደወልኩ። ጡሩምባው ተነፋ። "ኮረብታው" የሚለው ድምፃቸው ሲሰማ እኔ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ደርሻለሁ።

"እትዬ፣ ይውጡ።"

"ጎርፍ ነው ለቅሶ?"

አልዋሽም። "ኮረብታው ነው።"

"ጎርፍ ከሆነ አልወጣም ብያለሁ።"

"ኮረብታው ነው፣ እትዬ።"

"ለቅሶ ነው እንዴ?"

"እንግዲህ… ኮረብታው ነው።"

ጠጋ ብለው ፊቴን አዩት። እኔ በዚያ ሰዓት ከንፈሬ ደርቋል፣ ዕንባዬ ሊመጣ ነው። ፍርሃት ነው፤ ሌላ አይደለም።

"ፊትሽ የለቅሶ ፊት ነው" አሉና ነጠላቸውን አነሱ።

ስምንት ዓመት ሙሉ የተሳቀበት ፍርሃቴ ለሰው ሲጠቅም የመጀመሪያው ነው። መንገድ ላይ ግን ቆም አሉ።

"ሽሮዬን ጥጄ ነው የመጣሁት። መለስ ብዬ ላውርድ።"

"ይቃጠል፣ እትዬ።"

"አንቺ ነሽ ይቃጠል የምትዪ? ክብሪት ውሃ ውስጥ ነክረሽ የምትጥዪ?"

እጃቸውን ይዤ ጎተትኩ። የሰው እናት ስጎትት ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ በሚቀጥለው ንስሐዬ እናዘዘዋለሁ።

ኮረብታው ላይ ሰፈሩ ሙሉ ደርሷል። ድስቱ ተጥዷል። ማን እንደሞተ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው መቁጠር ጀመረ። "ያሲን አለ?" "ይኸው።" "የወፍጮ ቤቷ ሴትዮስ?" "ከኋላ ናት።" "ታዲያ ማን ነው የጎደለው?" መመሪያው ይህንን የነዋሪ ቆጠራ ይለውና ስድስት ገጽ ይጽፍበታል። እኛ ሐሜት በሚመስል ነገር በአምስት ደቂቃ ጨረስነው። እኔም የእትዬ ዘይነባን ቀይ ሳጥን ፈልጌ ምልክት አደረግኩበት።

ያኔ ከታች ጉምጉምታ ተሰማ። ወደ አጥሩ ሮጥን። ፈፋው ቡናማ ሆኖ፣ ድንጋይና ግንድ እያላተመ መጣ። መጀመሪያ የእኔን አጥር ወሰደ። ከዚያ የእትዬ ዘይነባ ማድቤት ዘንበል አለች፣ ትንሽ ያመነታች መሰለች፣ ከዚያም ከነቆርቆሮዋ፣ ሳትፈርስ፣ ጭሷ እየወጣ ወደ ሐይቁ መንገድ ጀመረች። ሽሮው ገና እሳት ላይ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ ዞሩ።

"ማን ነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ።"

"ማንም?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ማንም" አልኩ። በጭንቅ ቀን ምስጋና አንድ ቋንቋ ነው።

ዓይናቸውን ወደ ፈፋው መለሱ። ከዚያ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ መሀል ገብተው ቆሙ፦

"ጉልቻሽ ሳይበርድ ወጥቼ ሳልመለስ፣
ምነው ጥለሽኝ ሄድሽ ሐይቁ ወገብ ድረስ።"

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። አባ ይማም ግራ ተጋብተው ቀረቡ።

"ዘይነባ፣ በቅሬያችን ደንብ ለማድቤት ለቅሶ የለም።"

እትዬ ዘይነባ ዞረው በጣታቸው እኔን አሳዩ። "ለዚች ጎጃሜ በሁለት እግሯ እየሄደች አላለቀሳችሁም? ማድቤቴ እኮ የምር ነው የሄደችው።"

አባ ይማም አግዳሚ ስበው ተቀመጡ። ሌላውም ተቀመጠ። ለቅሶ ደግሞ በደንባችን ሦስት ቀን ነው። ውሃው ጎድሎ መሬቱ እስኪጠና የፈጀበትም ሦስት ቀን ነው። መመሪያው "ነዋሪው በመጠለያው እንዲቆይ ይደረግ" ይላል፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን አይልም።

በሳምንቱ ባለሙያው የሪፖርት ቅጽ ይዞ መጣ። በጥንቃቄ ሞላሁት። የሞተ ሰው፦ የለም። የተጎዳ ሰው፦ የለም። የጠፋ ንብረት፦ አንድ ማድቤት፣ አንድ አጥር፣ አንድ ድስት ሽሮ። ከዚያ በታች ቅጹ አልቋል። እውነት ማጉደል ስለማልወድ ማስመሪያዬን አወጣሁና አንድ መስመር ጨመርኩበት።

ለቅሶ፦ ሦስት ቀን።